የአንድ ቀን መደበኛ ያልሆነ የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ስብሰባ፦ ስንት ሰው ይናገር? ለስንት ደቂቃ?

ሰሌዳና ጠመኔ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በጅማ የምናስተምር ሦስት የፊዚክስ መምህራን ነን። በስታቲስቲካል ሜካኒክስ (የብዙ ቅንጣቶችን የጋራ ባሕርይ በስታቲስቲክስ በሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ) የሚሠራ ሰው በየዩኒቨርሲቲው አንድም ሁለትም አይጠፋም፤ ግን ተበታትኗል። የአንዱን ሥራ ሌላው የሚያየው መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አስተያየት ለመስጠት ረፍዷል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ክፍል 40 ሰው ገደማ ለመሰብሰብ አስበናል። ግማሾቹ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ይሆናሉ። የመመዝገቢያ ክፍያ የለም፣ ባነር የለም፣ የክብር እንግዳ ንግግር የለም። ያለን ሰፊ ጥቁር ሰሌዳ ያለው ክፍል፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ለቡናና ለምሳ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነው።

ሐሳባችን ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ እንዲናገሩ ነበር። አንድ ባልደረባችን ግን «እንዲህ ከሆነ 34ቱ ሰሚ ብቻ ሆነው ይመለሳሉ» አለን። ይህን ዓይነት ስብሰባ በቅርብ የምታውቁ ካላችሁ፦ ጊዜው እንዴት ይከፈል? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገር ተማሪ ምን ይዞ ይምጣ? የጽሑፍ መድብል ያስፈልጋል? ውጭ አገር ያሉትስ በኢንተርኔት ቢገቡ ያዋጣል?

ራሪታን

ባልደረባችሁ እውነቱን ነው። ስድስት ሰው በ40 ደቂቃ ማለት የተለመደው ሴሚናር ስድስት ጊዜ ተደጋገመ ማለት ነው።

ከዚህ ዓይነት ስብሰባዎች ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱን ተመልከቱ። የፊዚክስ ሊቁ ጆኤል ሌቦዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሺቫ ዩኒቨርሲቲ ጀመረው። በ1977 አብሮት ወደ ኒው ጀርሲው ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሜይና በዲሴምበር፣ እየተካሄደ በዲሴምበር 2008 መቶኛው ደረሰ። ከተጋበዙ ሰዎች ረጅም ንግግር ጎን ለጎን፣ መናገር የሚፈልግ ተሳታፊ ሁሉ የጥቂት ደቂቃ ዕድል ያገኛል። በቦስተን አካባቢ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የሚደረገው ስብሰባ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው፤ እሱም ለአጫጭር ንግግሮች ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ለእናንተ የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት 480 ደቂቃ አላችሁ። 24 ተናጋሪ ያዙ። ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ንግግር፣ 2 ደቂቃ ጥያቄ፣ 1 ደቂቃ መቀያየሪያ፤ በጠቅላላው 8 ደቂቃ። 24 በ8 ሲባዛ 192 ነው። ሁለት የቡና እረፍት በ40 በ40 ደቂቃ 80፣ ምሳ 90፣ መክፈቻ 10። ድምሩ 372 ይመጣል፤ 108 ይተርፋል። ከዚያ ላይ 55ቱን ለአንድ ረጅም የሰሌዳ ትምህርት፣ 30ውን ላልተፈቱ ጥያቄዎች ስጡ። የሚተርፉትን 23 ደቂቃዎች ለማንም አትስጡ፤ ቀኑ በራሱ ይበላቸዋል።

በሰዓት ሲቀመጥ፦ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች ከ3፡10 እስከ 4፡14፣ ቡና እስከ 4፡54፣ ሁለተኛዎቹ ስምንት እስከ 5፡58፣ ምሳ ከ6፡00 እስከ 7፡30፣ የሰሌዳ ትምህርት እስከ 8፡25፣ ቡና እስከ 9፡05፣ የመጨረሻዎቹ ስምንት እስከ 10፡09። ከዚያ ያልተፈቱ ጥያቄዎች። የምሳው ሰዓት የቀትር ሶላትንም ይይዛል፤ አታሳጥሩት።

የቡናውን 40 ደቂቃ «በዛ» የሚል ሰው ይመጣል። እንዳትሰሙት። አምስት ደቂቃ የሰማ ሰው ጥያቄውን የሚጨርሰው ሲኒ ይዞ ቆሞ ነው፤ ንግግሩ የሚያጥረውም ለዚህ ነው።

ሰዓት የሚጠብቅ ሰው መድረክ ከሚመራው የተለየ ይሁን። 4 ደቂቃ ሲሞላ ካርድ ያሳያል፣ 5 ሲሞላ ይነሳል፣ 5 ተኩል ላይ ያጨበጭባል፤ ቤቱም ተከትሎት ያጨበጭባል። ይህ ለፕሮፌሰሩም ለተማሪውም እኩል ካልሠራ ቀኑ ፈረሰ በሉት። እያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያስረዝም በ24 ሰው 36 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሙሉ የቡና እረፍት ሄደ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን በዕጣ አውጡ። በማዕረግ ከተደረደረ ተማሪዎች ሁሉ ሰው ደክሞ ወደ ቤቱ በሚያስብበት ሰዓት ላይ ይወድቃሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የረትገርሱ ስብሰባ ስለ ሳይንቲስቶች ሰብዓዊ መብትም ጊዜ ይመድባል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው እስር ቤት ውስጥ አብረዋቸው ለታሰሩት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ የዚሁ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳክሃሮቭ ሽልማትን ከሪቻርድ ዊልሰን ጋር ሰጥቷቸዋል። ከ23ቱ ደቂቃ አሥሩን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ማዋል ብቻ ነው የምፈቅድላችሁ።

ላንዤቫን

ተማሪው ምን ይዞ ይምጣ ለሚለው ልመልስ። አምስት ደቂቃ ማለት ሦስት ስላይድ ነው፤ አራተኛ የለም። በመጀመሪያው ጥያቄው፣ በሁለተኛው አንድ ምስል፣ በሦስተኛው ያልገባው ነገር ይቀመጣል። ርዕስና ማውጫ የያዘ ስላይድ ጊዜ ማባከን ነው። «ቦልትዝማን እንዳለው» ብሎ የሚጀምርም እንደዚያው፤ እዚያ ክፍል የተቀመጠ ሰው ከዘርፉ መሥራቾች አንዱ የሆነውን ቦልትዝማንን ያውቃል።

ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ያ አንድ ምስል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለውም እዚያው ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ተማሪ የሚሠራቸውን ሦስት ዓይነት ሥራዎች ልያዝ።

የመጀመሪያው የኢዚንግ ሞዴል (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዩ ትንንሽ ማግኔቶች፣ ማለትም ስፒኖች፣ የተደረደሩበት ቀላል ሞዴል) የሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም በዕድል ቁጥር የሚሠራ፣ ሲሙሌሽን ነው። በካሬ ላቲስ (መረብ) ላይ ማግኔትነቱ የሚጠፋበት የሽግግሩ ሙቀት በሞዴሉ አሃድ 2.269 እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ተማሪው በሜትሮፖሊስ ዘዴ (ስፒኖችን አንድ በአንድ በሚገለብጠው) ጎኑ 64 በሆነ ላቲስ ላይ አንድ ሚሊዮን ስዊፕ (የላቲሱ ሙሉ ዙር) አስኬዶ፣ የዳታውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሚሊዮን ስኩዌር ሩት አካፍሎ፣ ከነጥቡ ያነሰ ኤረር ባር (የስህተቱን መጠን የሚያሳይ መስመር) ይዞ ይመጣል። ስህተት ነው። በሽግግሩ ሙቀት ላይ ተከታታይ ናሙናዎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የትዝታ ጊዜያቸው ከጎኑ ርዝመት ጋር በ2.17 ገደማ ፓወር ስለሚያድግ ለ64 ቁጥሩ በሺዎች ይቆጠራል። 4000 ስዊፕ ነው እንበል፤ አንድ ሚሊዮኑን ለዚህ እጥፍ፣ ለ8000፣ ስታካፍሉት 125 ነጻ ናሙና ብቻ ይቀራል። ትክክለኛው ኤረር ባር ከተሳለው በ90 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዳታውን በብሎክ እየከፋፈሉ ብሎኩን በእጥፍ በእጥፍ ማሳደግ፣ ስህተቱ ማደጉን ሲያቆም ያንን መውሰድ። ወይም እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን፣ ስፒኖችን በቡድን የሚገለብጠውን የዎልፍን የክላስተር ዘዴ መጠቀም፤ ኮዱ ከሜትሮፖሊስ ብዙም አይረዝምም። የሽግግሩን ነጥብ ለማሳየት ደግሞ የማግኔታይዜሽኑን ኩርባ ሳይሆን የቢንደርን ኩሙላንት (የማግኔታይዜሽኑን ስርጭት ቅርጽ የሚለካ ቁጥር) ለሦስት የተለያዩ ጎኖች፣ ለምሳሌ ለ16፣ ለ32ና ለ64፣ በአንድ ግራፍ አምጡ። ኩርባዎቹ 0.61 አካባቢ ከተቆራረጡ ማንም ተጨማሪ ማብራሪያ አይጠይቅም። ካልተቆራረጡ ኮዱ ውስጥ ችግር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የጠርዝ ሁኔታው ነው፤ 0.61 የሚገኘው ፔሪዮዲክ ጠርዝ (አንዱ ጫፍ ከተቃራኒው ጫፍ ጋር የተያያዘ) ሲሆን ነውና።

ሁለተኛው የብራውን የሙቀት ሞተር ነው። አዲስ አበባ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለተሠራበት ክፍሉ ውስጥ ጠንካራ ጠያቂ አይጠፋም። ቅንጣቷ ሞቃትና ቀዝቃዛ ክፍል ባለው ፖቴንሺያል ላይ ትሄዳለች፤ ተማሪው ግዝፈቷን ንቆ ብቃቱን ያሰላና ሞተሩ በጣም ቀስ ሲል የካርኖ ብቃት (የማንኛውም የሙቀት ሞተር የብቃት ጣሪያ) ላይ ይደርሳል ብሎ ይደመድማል። የሚነሳው ጥያቄ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ኪነቲክ ኢነርጂውስ?» ቅንጣቷ የሁለቱን ሙቀቶች ድንበር በተሻገረች ቁጥር በአማካይ የሙቀቱን ልዩነት ግማሽ በቦልትዝማን ቋሚ ተባዝቶ ይዛ ትሄዳለች። ድንበሩን ደግሞ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ይህ የሚፈሰው ሙቀት ሥራ አይሠራም፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢዘገይ ስለማይጠፋ ካርኖ ላይ አይደረስም። ይህን ራሱ ተማሪው ሦስተኛው ስላይድ ላይ ካስቀመጠው ውይይቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ካላስቀመጠው ሁለቱም የጥያቄ ደቂቃዎች እዚያ ላይ ያልቃሉ።

ሦስተኛው የጃርዚንስኪ እኩልነት (ተደጋግሞ ከተለካ ሥራ የነጻ ኢነርጂን ልዩነት የሚያሰላው ቀመር) ነው። የኤክስፖኔንሺያሉን አማካይ የሚወስኑት እምብዛም የማይገኙ ጥቂት ሙከራዎች ናቸው። የባከነው ሥራ ከሙቀቱ ኃይል (ከቦልትዝማን ቋሚና ከሙቀቱ ብዜት) 3 እጥፍ ከሆነ 20 ያህል ሙከራ በቂ ሊሆን ይችላል፤ 10 እጥፍ ከሆነ ግን ከ22000 በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሙከራው ብዛትና የባከነው ሥራ ምስሉ ሥር በቁጥር ይጻፉ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሌሉ ምስሉን ማመንም መካድም አይቻልም።

ያልገባውን ነገር ማቅረብ ያሳፍራል የሚል ተማሪ ይኖራል። መምህሩ ቀድሞ ቢያደርገው ተማሪው ይከተላል።

ሶኬት

ስለ ክፍሉ። መብራት ይሄዳል ብላችሁ አቅዱ።

ፕሮጀክተር ከ250 እስከ 300 ዋት ይወስዳል። ሱቅ የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት፣ በዚህ ጭነት ግን ግማሹን ቢሰጥ ነው። ከ10 ደቂቃ አያልፍም። ስለዚህ ዩፒኤሱ የሚገዛው ስብሰባውን ለማስቀጠል ሳይሆን ፕሮጀክተሩን በወጉ ለማጥፋት ነው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር በድንገት ኃይል ሲቋረጥበት ማቀዝቀዣው ስለሚቆም አምፖሉ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ስብሰባው በጠመኔ ይቀጥላል፤ ሁሉም ተናጋሪ ምስሉን ሰሌዳ ላይ መሳል የሚችል ሆኖ ይምጣ። ላንዤቫን የጠቀሷቸው ሦስት ስላይዶች ለዚህም ይመቻሉ።

ስላይድ ሁሉ በፒዲኤፍ ሆኖ ዓርብ ማታ እስከ 12 ሰዓት ይሰብሰብ፤ 24ቱ በቅደም ተከተል ወደ አንድ ፋይል ይቀጠሉና በአንድ ላፕቶፕ ይታዩ። ለመቀያየር የተያዘችው 1 ደቂቃ የምትበቃው እንዲህ ከሆነ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የራሱን ላፕቶፕ ከሰካ፣ አንዱ ኤችዲኤምአይ ሌላው ቪጂኤ ሲፈልግ፣ 4 ደቂቃ ይሄዳል። ፒዲኤፍ ውስጥ ቪዲዮ አይንቀሳቀስም፤ የሲሙሌሽን ቪዲዮ ያለው ለብቻው ይላክ።

የፊደል መጠን፦ የመጨረሻው ወንበር ከሰሌዳው 10 ሜትር ከራቀ በምቾት የሚነበበው 5 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል ነው። ጠመኔም ላይ ይኸው ነው። ስላይድ ላይ ከ24 ነጥብ በታች አትውረዱ፤ የግራፉ አክሲስ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ከዚህ ሕግ አይወጡም፤ ሁልጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ቢጫና ፈዛዛ አረንጓዴ መስመር መጋረጃ በሌለው ክፍል አይታይም።

ቡናውን ማንም ስላላነሳው፦ 40 ሰው በሁለት እረፍት ሁለት ሁለት ሲኒ ቢጠጣ 160 ሲኒ ነው። ለሲኒ 7 ግራም ቢያዝ 1.1 ኪሎ የተቆላ ቡና፤ ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ 1.5 ኪሎ ጥሬ ግዙ። ጀበናው አንድ ብቻ ከሆነ ሰልፉ እረፍቱን ይጨርሰዋል፤ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ምሳው ለሁሉም የጾም ይሁን፤ ሁለት ዓይነት ማዘዝ ወጪም ግርግርም ይጨምራል።

ሲኒየር ሌክቸረር

ራሪታን ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የሰሌዳው ትምህርት ከምሳ በኋላ መሆኑን ግን እቃወማለሁ። ምሳ የበላ ሰው 55 ደቂቃ ሙሉ ማረጋገጫ ተከትሎ መሄድ አይችልም። ጠዋት 3፡10 ላይ ይሁንና ስምንቱ አጫጭር ንግግሮች ከምሳ በኋላ ይግቡ፤ በየስምንት ደቂቃው ሰው ሲቀያየር እንቅልፍ አይመጣም። የትምህርቱ ርዕስም ሁሉም ሊጠቀምበት የሚችል ዘዴ ይሁን እንጂ የመምህሩ የመጨረሻ ጽሑፍ አይሁን። ለምሳሌ የፋይናይት ሳይዝ ስኬሊንግ (ከትንንሽ ላቲሶች ውጤት ተነስቶ ስለ ትልቁ የመደምደሚያ ዘዴ) አሠራር፣ ወይም ሙቀት ከቦታ ቦታ ሲለያይ የላንዤቫን እኩልታ (የቅንጣትን የዘፈቀደ እንቅስቃሴ የሚገልጸው) ውስጥ የኢቶና የስትራቶኖቪች አተረጓጎም፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ የሒሳብ ሕጎች፣ የሚያመጣው ልዩነት።

መድብል አታዘጋጁ። መድብል ካለ ሰው ያለቀ ሥራ ብቻ ያመጣል፤ እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት ያላለቀውን ነው። በአንድ አንሶላ ፊትና ጀርባ የተናጋሪው ስም፣ ርዕስና ሁለት መስመር ይበቃል፤ ከጎኑ ለማስታወሻ ባዶ ቦታ ይኑረው።

ግን «መደበኛ ያልሆነ» ማለት ያለ ደብዳቤ ማለት አይደለም። ከክልል የሚመጣ መምህር ፈቃድና አበል የሚያገኘው ማኅተም ባለበት የግብዣ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ላይ «ጥናት ያቀርባል» የሚለው ቃል ካልሰፈረ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ከስድስት ሳምንት በፊት ይላክ። የፈለገ ይናገራል የሚለው አሠራር እዚህም ይጠቅማል፤ የሚናገር ሁሉ አቅራቢ ነው። ባሕር ዳር 550 ኪሎ ሜትር፣ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና የሚመጣ ሰው ዓርብ ገብቶ እሑድ ይመለሳል። ስለዚህ ከሻይ ቡናው በፊት የሁለት ሌሊት ማደሪያ ይታሰብ። የተማሪ ማደሪያ ከተገኘ ከማንኛውም የገንዘብ ድጋፍ ይበልጣል።

ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቦታው ይዙር። እ.ኤ.አ. በ1974 ቪየና ላይ የተጀመረው፣ ሜኮ የሚባለው የመካከለኛው አውሮፓ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ትብብር፣ በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍለው የነበሩ ተመራማሪዎችን ያገናኘው በየዓመቱ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ነው። ሁልጊዜ አዲስ አበባ ከሆነ ሁልጊዜ የሚደክመው የክልሉ ሰው ነው።

ላልተፈቱ ጥያቄዎች የተባለውን 30 ደቂቃ ጊዜ ሲጠብ እንዳትቆርጡት። እ.ኤ.አ. በ1949 ፍሎረንስ ላይ በተደረገው የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ጉባኤ ላርስ ኦንሳገር የሁለት ዳይሜንሽን ኢዚንግ ሞዴልን የማግኔታይዜሽን ቀመር ያሳወቀው በውይይት ሰዓት በሰጠው አስተያየት ነው። ማረጋገጫውን አላሳተመም፤ የፊዚክስ ሊቁ ያንግ የራሱን ማረጋገጫ ያሳተመው በ1952 ነው። ያን ሰዓት የሚጽፍ ሰው መድቡ፤ ማን ምን እንደጠየቀ በማግስቱ ለሁሉም ይላክ።

ሰሌዳና ጠመኔ (ጠያቂ)

በጣም እናመሰግናለን። 24 ተናጋሪ፣ 5 ደቂቃ፣ ዕጣ፣ የጠዋት ሰሌዳ፤ ወስነናል። ሁለት ነገር ቀረን፦ የኢንተርኔቱ ጉዳይና ቋንቋ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ውይይቱስ?

ራሪታን

የሰሌዳውን ሰዓት ተቀብያለሁ፤ ጠዋት ይሻላል።

አዲስ አበባ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች። በእናንተ 3 ሰዓት ጠዋት ስትጀምሩ እኔ ባለሁበት እዚህ አሜሪካ ሌሊት ነው። ከ9፡05 እስከ 10፡09 ያለው የመጨረሻው ክፍል ግን በክረምታቸው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጠዋት ላይ ይውላል፤ ከዚህ የሚገባ ሰው እዚያ ብቻ ይመደብ፤ ከሦስት አይብለጥ። ሦስቱም የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ቀድመው ይላኩ። መስመሩ ከተቋረጠ ቪዲዮው ይከፈታል፤ ጥያቄው በስልክ ይደረጋል። መስመር እስኪመለስ 40 ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅ። የመጡትን በካሜራ ለማሳየት አትድከሙ፤ የሩቁ ሰው የሚፈልገው ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ማይክሮፎኑ ጠያቂው አጠገብ ይድረስ፤ ጥያቄው ካልተሰማ መድረክ መሪው ይድገመው።

ላንዤቫን

ውይይቱ በሚቀላችሁ ቋንቋ ይሁን፤ ብዙ ተማሪ በእንግሊዝኛ የማይጠይቀውን በአማርኛ ይጠይቃል። አማርኛ የማይሰማ ተሳታፊ ካለ አጠገቡ የሚተረጉምለት ሰው ይቀመጥ። ቃል ፍለጋ ግን ጊዜ አታጥፉ፤ ኢንትሮፒን ኢንትሮፒ በሉት።

ዕጣውን ሐሙስ አውጡት። ቅዳሜ ጠዋት ከወጣ ሶኬት የጠቀሱት አንድ ፋይል በቅደም ተከተል ሊቀጠል አይችልም።